ፐርኪንስ ብሬይለር፦ ለጀማሪዎች ክፍል ይገዛ፣ ስሌቱ ግን አይጣል

ለዐይነ ስውር ተማሪዎች የመጻፊያ መሣሪያ የሚገዛ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚያመዛዝነው ስሌትና ስታይለስን (ወረቀት የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳንና መውጊያውን) ከፐርኪንስ ብሬይለር (ብሬል ከሚጽፍ ባለ ቁልፍ ማሽን) ጋር ነው። ብሬል በጣት የሚነበብ ጽሕፈት ነው፤ የሚሠራው ሴል በሚባሉ ትናንሽ ቦታዎች ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሴል በግራ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ በቀኝ ደግሞ 4፣ 5፣ 6 የሚባሉ ነጥቦች ይጎላሉ። ስሌት ርካሽ ነው፣ በቦርሳ ይያዛል፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ብሬይለሩ ውድ ነው፣ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ጥገናም ይፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ብሬይለሩ በግልጽ ይበልጣል፤ ልጁ የጻፈውን እዚያው ያነበዋልና።

በስሌት ሲጻፍ ስታይለሱ ወረቀቱን የሚወጋው ከጀርባው ስለሆነ ነጥቡ ጎልቶ የሚወጣው በሌላኛው ገጽ ነው። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉንም ገልብጦ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሲነበብ በግራ ያለው ነጥብ 1 ሲጻፍ በቀኝ ይሆናል። ልጁ ስህተቱን ለማወቅ ወረቀቱን አውጥቶ ይገለብጣል፤ ለማረም ደግሞ መልሶ ልክ በቦታው ማስገባት አለበት። ፊደል ገና መለየት የጀመረ ልጅ አንዱን ፊደል በሁለት አቅጣጫ እንዲያጠና ይገደዳል ማለት ነው። በብሬይለሩ ነጥቡ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጽሑፉም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እጁን ከቁልፉ አንሥቶ መስመሩን ይዳስሳል፣ የተሳሳተውን ያገኘዋል።

የጻፉትን ማንበብ መቻል ምን ያህል እንደሚለውጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ታሪክ ራሱ ያሳያል። ቫለንቲን አዩይ እ.ኤ.አ. በ1785 ፓሪስ ውስጥ የከፈተው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ጎልተው በታተሙ የላቲን ፊደላት ነበር። ተማሪው በጣቱ ዳስሶ ያነባል፤ በዚያ መንገድ በራሱ እጅ ማስታወሻ መያዝ ግን አይሆንለትም። ትምህርቱም በማዳመጥና በቃል በመያዝ፣ በሙዚቃና በእጅ ሥራ ላይ ያጋደለ ነበር። በ1819፣ በ10 ዓመቱ፣ እዚያ የገባው ሉዊ ብሬል የሻርል ባርቢዬን ባለ 12 ነጥብ አጻጻፍ ወደ 6 ነጥብ አውርዶ በ15 ዓመቱ መልክ አስያዘው። ተማሪዎቹ ወዲያው ወደዱት፤ ትምህርት ቤቱ ግን በይፋ የተቀበለው በ1854፣ ብሬል ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። በዐይናቸው የሚያዩ መምህራን ማንበብ የማይችሉትን ጽሕፈት ለመቀበል አንገራገሩ። ይህ ዛሬም ግዢን ያበላሻል፦ ብሬል የማያነብ መምህር ባለበት ክፍል ብሬይለር ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የልጁን ደብተር የሚያርምለት ሰው የለምና። በጀቱ ሁለቱን የማይችል ከሆነ መጀመሪያ መምህሩ ይሠልጥን።

ባለ 6 ቁልፍ መሣሪያ ራሱ ከፐርኪንስ ይቀድማል፤ ፍራንክ ሆል በ1892 በኢሊኖይ አንድ ሠርቶ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን የነደፈው በማሳቹሴትስ የፐርኪንስ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህሩ ዴቪድ አብርሃም ነው። የመጀመሪያው ናሙና አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ በፊት ቢደርስም ለገበያ የበቃው በ1951 ነው። ጊዜው ገጥሞለታል፤ በአሜሪካ ብዙ ዐይነ ስውራን ልጆች ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወጥተው ከሚያዩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል መማር የጀመሩት በዚያው ዘመን አካባቢ ነበር።

ቁልፎቹ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ይሰለፋሉ፦ የመስመር ቁልፍ፣ ነጥብ 3፣ 2፣ 1፣ መሐል ላይ የክፍተት ቁልፍ፣ ከዚያ 4፣ 5፣ 6፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ መመለሻው። ሌባ ጣቶች 1 እና 4 ላይ፣ የመሐል ጣቶች 2 እና 5 ላይ፣ የቀለበት ጣቶች 3 እና 6 ላይ ያርፋሉ። የአንድ ሴል ነጥቦች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጫናሉ። በአንድ መስመር 42 ሴል፣ በ11 ኢንች ወረቀት ላይ ደግሞ 25 መስመር ይጻፋል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ይጮኻል።

አዲስ ተጠቃሚ አብዝቶ የሚሳሳተው ወረቀት ሲያስገባ ነው። በቅድሚያ ሁለቱን የወረቀት መያዣ ማንሻዎች ወደ ጸሐፊው መሳብ፣ ነጥብ አውጪውን ራስ ወደ ግራ ዳር መግፋት፣ የጎን ማዞሪያዎቹንም ወደ ፊት እስኪቆሙ ማዞር። ወረቀቱን ከግራው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ካስገቡ በኋላ ማንሻዎቹን መግፋት፣ ማዞሪያውን ወደ ጸሐፊው እስኪቆም መጠቅለል፣ ከዚያ የመስመር ቁልፉን አንዴ መጫን። ማዞሪያው አስቀድሞ ወደ ፊት ካልዞረ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ አይጠቀለልም፤ የመጨረሻው ጭነት ከተረሳ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ቦታውን አይዝም።

የነጥብ መደብዘዝ ሁለት ምክንያት አለው። የትናንሽ ልጆች የቀለበት ጣት ደካማ ስለሆነ 3 እና 6 ይጎድላሉ ወይም ይደክማሉ። ጠረጴዛው ከፍ ሲልም ክንዱ ተንጠልጥሎ ኃይል ያጣል፤ ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይመረጥ። ለመለየት ጉልበት ያለው ሰው በ6ቱም ነጥብ ሙሉ መስመር ይጻፍበት፦ ያው ነጥብ አሁንም ከደከመ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ያገለገለ ሲገዛም ይህ ሙከራ ሳይደረግ ገንዘብ አይከፈል። መመለሻው በትክክል አንድ ሴል ብቻ መመለሱ፣ ቁልፎቹም ሳይጣበቁ መነሣታቸው አብሮ ይታይ።

በሒሳብ ትምህርት ብሬይለሩ ጠቃሚም አድካሚም ነው። ቁጥሮችን ከላይ ወደ ታች ማሰለፍ ያስችላል። ይሁን እንጂ ድምር የሚሠራው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አንድ አሃዝ በተጻፈ ቁጥር ነጥብ አውጪው ራስ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ወደሚቀጥለው አሃዝ ለመድረስ መመለሻውን ሁለት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ተሸካሚ ቁጥር ለመያዝ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ኋላ መጠቅለል አለ። ስለዚህ ድምሩን በአባከስ (በዶቃ መቁጠሪያ) ሠርቶ ውጤቱን በብሬይለር መጻፍ ይሻላል።

ድምፁ በጋራ ክፍል ውስጥ ያስቸግራል፤ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀትም አይሆነውም፤ ነጥቡ ጥቂት ጊዜ ሲዳሰስ ይተኛል። ለፈተናና ለሚቀመጥ ጽሑፍ ጠንካራ የብሬል ወረቀት ይገዛ። ላጲስ ትራፊና አቧራ እንዳይገባ ማሽኑ ሥራ ሲያበቃ ይሸፈን።

አሜሪካዊው የዐይነ ስውራን ትምህርት ባለሙያ ፊል ሃትለን በ1996 ያቀረበው፣ ለዐይነ ስውራን ተማሪዎች ከመደበኛው በተጨማሪ የሚሰጥ ሥርዓተ ትምህርት ዛሬ 9 ዘርፎች አሉት፤ ረዳት ቴክኖሎጂ፣ በራስ መኖርና መንቀሳቀስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ስሌት ከትምህርቱ መውጣት የሌለበት በዚህ ነው። 5 ኪሎ የሚከብድ ማሽን ገበያ ወይም ስብሰባ አይወሰድም፤ ስልክ ቁጥር ለመያዝና በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ምልክት ለመለጠፍ ስሌት ይበቃል። ልጁ ፊደሉን በብሬይለር ካጸና በኋላ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ የስሌት ልምምድ ይጨመርለት፤ መጀመሪያ አንድ መስመር፣ ከዚያ አጭር ዝርዝር፣ በመጨረሻም መምህሩ እየተናገረ የሚጻፍ ማስታወሻ።