ሲሸጥልኝ «እናቴ»፣ ስመልስ «ሴትዮ»

ዛሬ ከሰዓት ኢንተርኔት ካስገባልኝ ድርጅት መስኮት ስመለስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁንም አልበረደልኝም። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ለነገ ካሳደርኩት አለሳልሰዋለሁ። የቤት ኢንተርኔት ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ፣ እጁ ላይ ታብሌት። ያንኳኳና «እናቴ፣ አሁን ያለው ኢንተርኔት እንዴት ነው?» ይላል። መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። በዚህ ነገር የማያማርር ቤት የለማ።

እኔም አማረርኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ማታ ማታ እንደሚጨናነቅ፣ የልጄ ትምህርት እንደሚቆራረጥ፣ የሥራ ፋይል ለመላክ እኩለ ሌሊት እንደምጠብቅ። ያዳምጥ ነበር። አሁን ሳስበው መሣሪያውን የሰጠሁት እኔው ነኝ። የነገርኩትን እያንዳንዱን ችግር መልሶ ሸጠልኝ። «100 ሜጋ ነው እናቴ፤ ሁላችሁም በአንዴ ብትጠቀሙ አይሰማችሁም» አለኝ። «ማታስ?» አልኩት። ይህን ጥያቄ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኩት። «ፋይበር እኮ ነው፤ ማታ የለ ቀን የለ» አለ። ፋይበር የሚሉት መረጃ በብርሃን የሚያልፍበትን የመስታወት ገመድ ነው።

ዋጋው የድሮዬን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ዓመቱን በአንዴ ከከፈልኩ ግን ቅናሽ አለ። ደግሞ «ካልተመቸዎት ይመልሱታል፤ ገንዘብዎ ይመለሳል» አለኝ። የ12 ወሩን፣ የራውተሩንና የማስገቢያውን አንድ ላይ ከፈልኩ። ታብሌቱ ላይ ውሉን በጣቱ ሽቅብ እየገፋ መፈረሚያው ጋ አድርሶ ሰጠኝ። በጣቴ ፈረምኩ።

እኔ ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሰው ደረሰኝ መስመር በመስመር የማይ ሰው ነኝ። የራሴን ውል ሳላነብ ፈረምኩ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ያስገባው ባለሙያ ረፋድ ላይ መጥቶ ጨረሰ። የፍጥነት መለኪያ ከፍቶ አሳየኝ፤ 96። ደስ አለኝ። ያን ዕለት ማታ 2 ሰዓት ላይ የልጄ መምህር ስክሪን ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ለካሁት፤ 9። በስህተት መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። 8።

ወዲያው ለሻጩ ልጅ ደወልኩለት። ቁጥሩን «ለማንኛውም ነገር ለእኔ ይደውሉ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። «አይዞዎት እናቴ፣ መስመሩ አዲስ ስለሆነ ነው። እስኪረጋጋ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሳምንት ይስጡት፤ ካልተስተካከለ እኔ አለሁልዎት» አለኝ።

ይህ ወሬ ለምን እውነት እንደመሰለኝ ልንገራችሁ። በድሮው የመዳብ የስልክ መስመር በሚመጣ ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ አለ። አዲስ ግንኙነት ሲገባ የአገልግሎት ሰጪው ሲስተም መስመሩ ሳይቋረጥ የሚችለውን ፍጥነት ለማግኘት ለቀናት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። እኔም ከዓመታት በፊት አይቼዋለሁ። ፋይበር ላይ ግን እንዲህ የሚጠበቅ ሳምንት የለም። ባለሙያው ተክሎ በሄደበት ቀን የሠራው ያው ነው የሚቀጥለው። ልጁ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም።

ጠበቅኩ። በመሃል የእርዳታ መስመሩ ላይ ስደውል አንዱ «ግድግዳው ነው»፣ ሌላው «ዋይፋዩ ነው»፣ ሦስተኛው «ኮምፒውተርዎ አርጅቶ ይሆናል» አሉኝ። ግድግዳ ዋይፋይን እንደሚያዳክም አውቃለሁ፤ በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ። ስለዚህ ገመድ ገዝቼ ኮምፒውተሬን በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰካሁት። ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። ሦስት ሌሊት እየተነሳሁ ለካሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ 9፣ 8፣ 11። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 94፣ 95፣ 94። ያው ገመድ፣ ያው ኮምፒውተር፣ ያው ግድግዳ። ሰው ሲተኛ 94 የሚሰጥ መስመር ሰው ሲነቃ 9 ከሰጠ፣ ጥፋቱ እኔ ቤት ውስጥ አይደለም።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ባለሙያው 96 ያሳየኝ መለኪያ የተገናኘው የድርጅቱ የራሱ ሰርቨር ላይ ነበር። ማለት ከእኔ ቤት እነሱ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ ነው የለካው። እኔ ግን የምጠቀመው ከእነሱ ወዲያ ያለውን ዓለም ነው። የልጄ ትምህርት ቤት እዚያ ነው ያለው። የደንበኞቼ ፋይል እዚያ ነው የሚሄደው። ሰርቨሩን ቀይሬ ሌላ ቦታ ስለካ ረፋድም ቢሆን ከ60 አላለፈም።

በቁጥር ላስረዳችሁ፤ ለእኔ የሚገባኝ በቁጥር ነው። «100 ሜጋ» ሲባል 100 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 100 ሜጋቢት ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው። አንድ ጊጋባይት ፋይል 80 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። በ9 ሜጋቢት ያው ፋይል ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ይህ ደግሞ ማውረዱ ነው። አፕሎዱ፣ ማለት የመላኪያው ፍጥነት፣ በውሉ ላይ 10 ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ልጁ በሬ ላይ ቆሞ አፕሎድ የሚባል ቃል አላነሳም። እኔ የምኖረው ፋይል በመላክ ነው።

መስመር ለብዙ ቤት መካፈሉ ያለ ነገር ነው፤ እሱን አልቃወምም። በመዳቡ ዘመን ለመኖሪያ ቤት 50 ለ1 (አንዱን አቅም 50 ቤት ይካፈለዋል ማለት ነው)፣ ለድርጅት 20 ለ1 ብለው በግልጽ የሚያስታውቁ አገልግሎት ሰጪዎች ነበሩ። ፋይበርም ይካፈላል። በብዛት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው ዓይነት አንዱ መስመር ወደ 2.5 ጊጋቢት ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ለ32 ቤት ይከፈላል። ሁሉም ቤት በአንድ ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ቢጠቀም እንኳ ለእያንዳንዱ 78 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ለ64 ቤት ቢከፋፍሉት 39። እኔ ጋ የደረሰው 9 ነው። ስለዚህ መታነቁ ከቤቴ ደጅ ካለው ፋይበር ወዲያ፣ በራሳቸው መረብ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ለሚወጣው መንገድ በገዙት አቅም ላይ ሳይሆን አይቀርም። ያላቸውን አቅም ከሚችለው በላይ ለበዛ ሰው የሸጡት ይመስለኛል። ማታ ማታ የሚሆነውን እያወቁ አሁንም በር እያንኳኩ ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ በዘጠነኛው ቀን ዛሬ ሄድኩ።

ወረፋ ይዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ለመስኮቷ ልጅ ወረቀቴን ሰጠኋት። አላነበበችውም። ገልብጣ ከኪቦርዱ ጎን አስቀመጠችው። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ውሉን ከፈተች፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች። እስክሪብቶዋን አንስታ አንዲት ቃል ሥር አስነካችው።

«እስከ።»

«ምን?» አልኳት።

«'እስከ 100' ነው የሚለው። 100 ነው አላልንም።»

«9 ነው የምትሰጡኝ እኮ።»

«9 ከ100 በታች ነው። ውሉ ውስጥ ነው።»

እንግዲያው 1ም ውሉ ውስጥ ነው? ብዬ ጠየቅኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እሺ አልፈልገውም፣ ይመለስልኝ፣ አልኳት። ገጹን ወደ ታች ገፋችው። «መመለሻው 7 ቀን ነው። ዛሬ 9ኛ ቀንዎ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳምንት ይስጡት። አንድ ሳምንት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እዚያ ቆሜ ገባኝ።

ልክ በዚያ ሰዓት ልጁ ከጀርባዋ ካለው በር ወረቀት ይዞ ወጣ። እግዜር አመጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በእርግጥ ደስ አለኝ! ይመሰክርልኛል ብዬ ነው። «ልጄ! ና እስቲ፣ አንተ ንገራት» አልኩት። መጣ። ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ ቆመ።

«ሳምንት ይጠብቁ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ቀና አለ። አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው አየኝ።

«ሴትዮ፣ እኔ እንደዛ አላልኩሽም። በጽሑፍ አለሽ?»

ስልኬን አውጥቼ የደወልኩበትን ቀንና ሰዓት አሳየሁት፤ አራት ደቂቃ አውርተናል። «መደወልሽን ነው የሚያሳየው፤ ምን እንዳልኩሽ ያሳያል?» አለኝ። በግል ቁጥሩ ስለነበረ ድርጅቱ ጋ የተመዘገበ አቤቱታ የለም። ወደ እርዳታ መስመሩ የደወልኩት ደግሞ «የዋይፋይ ምክር» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ልጅቷ ይህን አንብባልኝ ስክሪኑን መለሰችው። ቀጣዩን ቁጥር ተጣራች። እኔ ገና መስኮቱ ላይ ነበርኩ።

ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ያዩኝ ነበር። አንዲት ወጣት በሐዘን አየችኝ። ሌሎቹ ሰዓታቸውን። ወረቀቴን እንኳ ራሴ እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ነው ያነሳሁት።

ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ያንገበግበኛል። ግን መንገዱን ሁሉ ጆሮዬ ላይ የነበረው ያቺ «ሴትዮ» ናት። ከዘጠኝ ቀን በፊት በሬ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ያለ፣ «እናቴ፣ እርስዎ» ያለኝ ልጅ ነው። ልጄን ስሟን ጠይቆ፣ በርቺ ብሏት የሄደ ነው። አስገብቼ አስቀመጥኩት። የድሮውን መስመር ያቋረጥኩት እሱ «ሁለት መክፈል ምን ያደርግልዎታል» ስላለኝ ነው። አሁን ወደዚያም መመለሻ የለኝም፤ እንደ አዲስ ተመዝግቤ እንደ አዲስ መክፈል አለብኝ።

ልታስገቡ ከሆነ፣ ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ አፕሎዱንም ጭምር። በወር ክፈሉ፤ ዓመት አትክፈሉ። የድሮውን ቶሎ አታቋርጡ። ባስገባችሁበት ቀን ማታ በገመድ ሰክታችሁ፣ የእነሱ ባልሆነ ሰርቨር ላይ ለኩ። ሻጩ በስልክ የነገራችሁን ሁሉ ወዲያው በመልእክት ጽፋችሁ «እንዲህ ብለኸኛል» ብላችሁ ላኩለት። መመለሻው ስንት ቀን እንደሆነ ሳታውቁ አንድም ቀን አትጠብቁ።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ዛሬ መላክ ያለብኝ ፋይል 40 በመቶ ላይ ቆሟል። ልጄ ከትምህርቷ ወጥታ እንድልክ ኢንተርኔቱን ለእኔ ለቃለች። የለካሁትን ሁሉ በሠንጠረዥ አድርጌ በሁለት ቅጂ አትሜዋለሁ። ነገ ጠዋት በጽሑፍ የተዘጋጀ አቤቱታ ይዤ እመለሳለሁ፤ አንዱ ላይ ተቀብለናል ብለው ሳይፈርሙልኝ ከዚያ መስኮት አልነሳም።