የቤት ዙሪያ ማርቻፔዴ (መራመጃ) ልታሠሩ ያሰባችሁ የጅማ ሰዎች፣ ብር ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ቡናው ተለቅሞ ብር እጅ በሚገባበት ሰሞን በየሰፈሩ እየዞሩ «የግቢ መራመጃ በቁርጥ ዋጋ፣ ቶሎ እንጨርሳለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ዘንድሮም እየዞሩ ነው። ዋጋቸው ከሌላው ይቀንሳል። የሚያሳዩት ፎቶም ያምራል። እናቴ አምና ከእነሱ ጋር ተስማምታ ከግድግዳው ሥር ታይል አስነጠፈች። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ከታች መራስ ጀመረ።

አሮጌውን የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ማንሳት ነበረባቸው። አላነሱትም። ላዩ ላይ አሸዋ በተን አድርገው አዲሱን ታይል ደረደሩበት። መራመጃው ከፍ አለና ዞኮሎውን፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ብሎ የሚታየውን የግድግዳውን የታች ክፍል፣ ዋጠው፤ ከቤቱ ወለል ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውሃ ልክ ሳስቀምጥበት ደግሞ የሚያዘቀዝቀው ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ነው።

ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። በአንድ ካሬ ላይ 1,500 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ሳይቆጠር። ያ ሁሉ ሲወርድ ግድግዳው ሥር ይተኛል። የእናቴ ቤት ደግሞ ፊቱ በሲሚንቶ ይለሰን እንጂ ውስጡ እንጨትና ጭቃ ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን ቤት። ልስኑ አብጧል፣ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። አንዱን ቋሚ ከሥሩ ገልጠን ስናየው በስብሶ አውራ ጣት ያስገባል። ምስጥም ገብቶበታል። መራመጃው የግድግዳውን ሥር ስለሸፈነው ምስጡ ሲወጣ ያየ የለም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ እናቴ ያንን ብር ያጠራቀመችው ስንት ነገር ትታ ነው።

ስንጠራቸው «ዝናቡ ስለበዛ ነው» አሉ። ጅማ ላይ ዝናብን ሳያስብ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ባለሙያ ነው? ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሱም።

ደህና ሥራ እንዲህ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ድንጋይና ጠጠር ገብቶ በደንብ ይጠቀጠቃል። መራመጃው ሲያልቅ ከቤቱ ወለል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት በሬንጅ ይሞላል፤ በሲሚንቶ ብቻ ከተደፈነ ይሰነጠቅና ውሃው በዚያው ይገባል። ኮንክሪት ከሆነ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

እነዚህን ቁጥሮች ውሉ ላይ አስገቡ። «በካሬ ይህን ያህል ብር» ብቻ የሚል ወረቀት ምንም አያደርግላችሁም። አሮጌውን ማንሳትና ፍርስራሹን ማስወጣት የማን ድርሻ እንደሆነም ይጻፍ። እኛ ጋ ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ ለማንሳት ያልተከፈላቸው ስለሆነ ሸፍነውት ሄዱ።

ሥራ አስጀምራችሁ ከሆነ ቀሪውን ክፍያ ያዝ አድርጉት። ግድግዳው ሥር አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ ቤቱ ከመጣ፣ አፍርሰው እንደገና እስኪሠሩት ድረስ አንድ ብር እንዳትሰጡ።