ከጎንደር ወደ ጣና ዳር ሜዳ፦ የሁለት የብስክሌት መንገዶች ግምገማ

በጎንደር ብስክሌት የሚነዳ ሰው እግሩ የሚበስለው በዳገት ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ቢያመራ እስከ ደባርቅ ድረስ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አቀበትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ነው፤ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን የሚሻገር ደግሞ በአገራችን ከታወቁት ጠመዝማዛ ቁልቁለቶች አንዱን ይጋፈጣል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ የከተማችን ነጂዎች ሜዳን እንደ ዕረፍት ስለሚቆጥሩት፣ ለልምምድ መንገድ ሲመርጡ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣና ዳርቻ እምብዛም አይመለከቱም። እኔ በዚህ አልስማማም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሐይቁ ዙሪያ የተዘረጉት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች ለኮርሳ (ቀጭን ጎማ ላለው የውድድር) ብስክሌት በክልላችን ከሚገኙት ሁሉ የተሻለውን የሜዳ መንገድ ይሰጣሉ፤ ዳገት የማያስተምረውንም ያስተምራሉ። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ፎገራን፣ በተለይም ከይፋግ እስከ ጉማራ ድልድይ ያለውን ክፍል እመርጣለሁ።

ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት በአንድ ቁልቁለት ነው። ከከተማው መሀል እስከ አዘዞ ያለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአብዛኛው ወደ ታች የሚወስድ ሲሆን፣ ባጃጆች ያለ ምልክት ስለሚታጠፉና ሚኒባሶች ተሳፋሪ ባዩበት ሁሉ ስለሚቆሙ፣ እጅን ከፍሬን ሳያነሡ በጠዋት መውረድ ይገባል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት የተነሣ ሰው ይህን ክፍል በሰላም ያልፈዋል። ከአዘዞ ወዲያ አንዱ መንገድ በማክሰኝትና በእንፍራንዝ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል፣ ሌላው በቆላ ድባ አድርጎ ወደ ጎርጎራ ይወርዳል።

የባሕር ዳሩ መንገድ በጠቅላላው ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ነገር ግን ሁሉም ሜዳ ነው ብሎ የሚነሣ ሰው ይቸገራል። ከማክሰኝት እስከ አዲስ ዘመን ድረስ መንገዱ ኮረብታዎችን እየዞረ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አሞራ ገደል የተባለው ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ የሚታይበት አካባቢ ለዓይን እጅግ ያማረ ቢሆንም፣ ኩርባዎቹ ለጭነት መኪና ጠባብ ስለሆኑ ለብስክሌት ነጂ ምቾት አይሰጡም። የሜዳ ልምምድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስሮ እስከ አዲስ ዘመን ቢሄድና ከዚያ ቢጀምር፣ ጉልበቱን ለሚገባው ቦታ ያቆየዋል ብዬ አምናለሁ።

ከአዲስ ዘመን ወርዶ ይፋግን ሲያልፉ መልክዓ ምድሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። አስፋልቱ ቀጥ ይላል፣ ተራሮቹ ወደ ምሥራቅ ይሸሻሉ፣ በግራና በቀኝ የፎገራ እርሻ ይዘረጋል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ እየወረዱ ይህን ሜዳ ለዘመናት በደለል ስላለበሱት፣ በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ለመሆን በቅቷል። በመስከረም ማሳው ለምለም አረንጓዴ ሲሆን በኅዳር ይቢጫል፤ ከአጨዳው በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፣ በመስኖም ሽንኩርት ይለማበታል። የፎገራ ከብት በሚል የሚታወቀው ዝርያም የዚሁ ሜዳ ልጅ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ አይደለም፤ መንጋው ጠዋትና ማታ አስፋልቱን ስለሚያቋርጥ፣ ከፊት ከብት ያየ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ እረኛው የት እንደቆመ መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሜዳ ቀላል የሚመስለው ዓይን ስለሚያታልል ነው። በዳገት የደከመ እግር በቁልቁለት ያርፋል፤ በሜዳ ግን ፔዳል መምታት ያቆመ ወዲያው ፍጥነቱን ስለሚያጣ፣ ነጂው ለሰዓታት ሳያቋርጥ መሥራት ይኖርበታል። የጎንደር ልጆች በከባድ ማርሽ በዝግታ መግፋት ለምደናል፤ እዚህ የሚያዋጣው ቀለል ባለ ማርሽ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ያህል እያዞሩ አንድ ዓይነት ምት ጠብቆ መጓዝ ነው። ይህን ልማድ ለመያዝ ከይፋግ እስከ ወረታ ያለውን ቀጥታ መንገድ የሚስተካከል በአቅራቢያችን አላውቅም።

ሁለተኛው አስተማሪ ነፋስ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና ወደ ሜዳው የሚነፍስ ነፋስ ይነሣል፤ በፎገራ መንገድ ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ሐይቁ በስተቀኝ ስለሆነ ነፋሱ ከጎን ይመታዋል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው፣ የሚታገለው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ አየር ጋር ነው፤ የአየር ግፊት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ጠረፍ ያሉ ሜዳዎችን የሚያውቅ ነጂ ይህን ትግል ያውቀዋል። እኛ ያለን ብልጫ ከፍታችን ነው፤ በጣና ዙሪያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ብስክሌቱን የሚገታው ኃይል ያንሳል፣ እርግጥ ሳንባም የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተከታትለው የሚነዱ ሰዎች ከፊት ካለው ጀርባ ተጠግተው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት ይቆጥባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ፣ ማለትም የደጋ ልጅ ነው፤ እንዲህ ባለው ውድድር ከተራራው ባልተናነሰ ነፋስ ባለበት ሜዳ በቡድን መሀል ቦታን ጠብቆ መቆየት እንደሚፈትን ለሚያስብ ሰው፣ ፎገራ ላይ በሁለትና በሦስት ሆኖ መለማመድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግልጽ ነው።

የመንገዱ ጉድለት ትራፊኩ ነው። ጎንደርን ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ይኸው ስለሆነ አይሱዙውም፣ ተሳቢውም፣ አውቶቡሱም በዚህ ያልፋል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ያገኘ ሹፌር ደግሞ ይፈጥናል። የመንገዱ ትከሻ በየቦታው ስለተሸረሸረ ከአስፋልቱ ጠርዝ መውረድ ለቀጭን ጎማ አደገኛ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን መንዳት ፈጽሞ አይገባም፤ ከኋላ የሚመጣውን የምታሳይ ትንሽ መስተዋትም ቅንጦት አይደለችም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት ጊዜ ስላለ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይመረጣሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ጥላ የሚሆን ዛፍም በሜዳው ላይ ጥቂት ነው። የአካባቢው ፀጥታ ሲታወክ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል፣ በዋዜማው ከመናኸሪያ ሹፌሮች ሁኔታውን ጠይቆ መነሣት የግድ ነው።

ወረታ ለማረፍ ተስማሚ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ስለሆነች ሻይ ቤትም፣ ምግብ ቤትም፣ ጎሚስታም አይታጣባትም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ የጎሚስታ መንፊያ የሚገጥመው ለመኪናና ለተራ ብስክሌት ቫልቭ ነው እንጂ ለኮርሳው ቀጭን ቫልቭ አይደለም። ቫልቩን ከመንፊያው ጋር የምታገናኘውን ትንሽ ናስ፣ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪና የእጅ መንፊያ ያልያዘ ሰው በግራር እሾህ ምክንያት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ውኃም ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ይዞ መነሣት ያስፈልጋል።

ከጉማራ ድልድይ በኋላ መንገዱ እስከ ሐሙሲት ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ዘንዘልማን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የብስክሌት መስመር ተለይቶለታል፤ ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፋ ለዋለ ነጂ ከዚህ የሚበልጥ አቀባበል የለም። ባሕር ዳር ራሷ ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው፤ የመለዋወጫ ዕቃና የጥገና ባለሙያም ከጎንደር ይልቅ እዚያ በቀላሉ ይገኛል። ይህ ለእኛ ከተማ ሊያስቆጭ የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

የደንቢያው መንገድ አጭር ነው፤ ቆላ ድባ ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጎርጎራ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለብዙ ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ ስለቆየ፣ እኔ በዚህ በኩል በ23 ወይም በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ እንዲኬድ አልመክርም፤ 32 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ይሻላል። የሜዳው አፈር ዋልካ ስለሆነ ዝናብ በነካው ቀን ከመንገዱ የወጣ ጎማ ይያዛል፣ ጭቃው በፍሬኑና በሰንሰለቱ መካከል ይጠቀጠቃል። የተሽከርካሪው ብዛት ግን ከዋናው ጎዳና በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ለጀማሪም፣ ልጁን ይዞ ለሚወጣ አባትም ከፎገራ ይልቅ ይህ ይስማማል።

ጎርጎራ የደረሰ ሰው የሚያየው አያጣም። በሣር ክዳን የተሸፈነችው ደብረ ሲና ማርያም በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ናት፤ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ለዐፄ ሱስንዮስ ካሠራው ቤተ መንግሥት የቀረው ፍርስራሽ ከከተማው ራቅ ብሎ በባሕረ ገብ መሬት ላይ ይገኛል። በገበታ ለሀገር የተሠራው አዲሱ ማረፊያ ለደጎሰ ኪስ ሲሆን፣ በወደቡ አካባቢ የሚጠበሰው ቀረሶ ዓሣ ግን ለማንም ይበቃል። አካባቢው ወባማ ስለሆነ የሚያድር ሰው ያለ አጎበር አይተኛ።

የደንቢያ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ሰሜን ስለሚነፍስ፣ በጠዋት ወርዶ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው እስከ አዘዞ ከጀርባው ይገፋዋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለው የመጨረሻ ዳገት ግን ሜዳ ለዋለ እግር ከባድ ነው፤ ኃይሉን ያላተረፈ ሰው አዘዞ ላይ ሚኒባስ ይያዝ፣ የፊት ጎማውን ፈትቶም ብስክሌቱ በደንብ መታሰሩን ራሱ አይቶ ይሳፈር።