ሁለት የቦክስ ፊልሞች፣ ሁለት እናቶች

«ዘ ፋይተር» (እ.ኤ.አ. 2010) እና «ሚሊዮን ዶላር ቤቢ» (2004) የቦክስ ፊልሞች ይባሉ እንጂ ከባዱ ቡጢ የሚያርፈው ቤት ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው፣ የማሳቹሴትሷ ሎዌል ልጅ የሆነው ቦክሰኛ ሚኪ ዋርድ እናቱ ሥራ አስኪያጁ፣ የእናቱ ልጅ ዲኪ ደግሞ አሠልጣኙ ናቸው። ዲኪ በ1978 ከዝነኛው ቦክሰኛ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ጋር የተጋጠመ፣ በኋላ ግን ክራክ የተባለው አደንዛዥ ዕፅ የጣለው ሰው ነው። ለዚህ ሚና ክርስቲያን ቤል አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቷል። እናቱ ስትደርስበት በጓሮ መስኮት ዘሎ ቆሻሻ ላይ ሲወድቅ ያስቃል፤ ወዲያው መኪና ውስጥ ላኮረፈችው እናቱ ሲዘፍንላት፣ እሷም እንባዋን እየዋጠች ስትቀበለው ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቤልም፣ እናቱን የተጫወተችው ሜሊሳ ሊዮም በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወስደዋል። ሚኪን የተጫወተውን የማርክ ዋልበርግን ዝምታ ያመሰገነ ግን ጥቂት ነው፤ ያለ እሱ ዝምታ የእነሱ ጩኸት ባልተሰማ ነበር።

በሁለተኛው ቦክሰኛዋ ማጊ በቡጢ ባገኘችው ገንዘብ ለእናቷ ቤት ትገዛለች። እናት ሆዬ፣ በምስጋና ፋንታ «የመንግሥት ድጎማዬ ሊቀርብኝ ነው» ብላ ትነጫነጫለች። ማጊን የተጫወተችው ሂላሪ ስዋንክ እዚህ ላይ ብዙ አትናገርም፤ ደስታው ከፊቷ ላይ ሲጠፋ ብቻ እናያለን። አሠልጣኟ ለልጁ የሚልካቸው ደብዳቤዎችም ሳይከፈቱ ይመለሳሉ።

በአጨራረሱ ሁለተኛው ይከብዳል፤ አራት ኦስካርም አለው። እኔ ግን ደግሜ የማየው የሎዌሎቹን ጭቅጭቅ ነው።