ለየቀን መኪና ካምሻፍት ማስሞረድ፦ ትንሹ ይበቃል

የኮሮላዬን ካምሻፍት (ካም፣ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ላስሞርድ፣ ማለትም ቅርጹን ላስለውጥ ስሄድ ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ የት የት እንደምነዳው ነው። እዚህ ጋ ወደድኩት፣ ብዙዎቹ ትልቁን ካም ሊያሲዙህ ነው የሚሮጡት። ትልቁ ካም ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፍት ጉልበቱ ወደ ላይኛው ዙር ይሸሻል፤ ታች ላይ መኪናው ይደክማል፣ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ዙር) ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ድሮም ጉልበት ያጥረዋል፤ ዳገት ላይ በትራፊክ መሀል ቆመህ ስትነሳ የምትፈልገው የታች ጉልበት ነው። ስለዚህ ለስላሳውን፣ ማለትም ትንሹን ካም መረጥን።

ሥራው ንጹሕ ነው። ካሙ ላይ በጥፍር የሚያዝ ጭረት የለም።

ቅር ያለኝ ሺሙ (በካሙና በቫልቩ መሀል ያለውን ክፍተት የሚያስተካክለው ክብ ብረት) ነው። ሲሞረድ የካሙ ጀርባ ስለሚቀንስ የቫልቩ ክፍተት ይሰፋል። በኮሮላዬ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ያለ ወፍራም ሺም ደግሞ እዚያ አይደርስም። እነሱ ግን ካሙን ብቻ አስረከቡኝ፣ ሺም ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የዞርኩት እኔ ነኝ! ይሄ አብሮ መሠራት ነበረበት።

አሁን ሚኒሞው እንደ ድሮው ፀጥ ያለ ነው፣ ከመሀል ዙር ጀምሮ መሳቡ በደንብ ይታወቃል። ዋጋ ስትጠይቁ የሺሙን ልኬት ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።