የሽንኩርት አምራቾች፣ «አዲስ የትሪፕስ መድሃኒት» የሚባለውን ሳታነቡ እንዳትገዙ

ወገን ይሄን በመስኖ ሽንኩርት ለሚያለማ ሁሉ ሼር አድርጉልኝ። ትሪፕስ የሽንኩርቱን ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ነው። ሰሞኑን ቆቦ አካባቢ አንድ የግብርና መድሃኒት ሱቅ «ለትሪፕስ አዲስ የመጣ ነው፣ አብሽር፣ አንዴ ብቻ ነው የምትረጨው» እያለ ከድሮው በእጥፍ ዋጋ የሚሸጠው ጠርሙስ አለ፣ ጎረቤቴ ገዝቶ ደጋግሞ ረጨው ትሪፕሱ ግን ወላሂ ንቅንቅ አላለም። ሽንኩርቱን ከመሀል ፈልቀቅ አድርገን ስናየው ቅጠሎቹ የሚጋጠሙበት ስር ትሪፕሶቹ ቢጫ ቢጫ ሆነው ይርመሰመሳሉ፣ ቅጠሉ ደግሞ ብርማ ሆኖ ነጥቷል።

ጠርሙሱን ተቀብዬ ትልቁን ስም ትቼ ከስር በደቃቅ የተጻፈውን የመርዙን ስም አነበብኩት፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን 5% ይላል። አምና የረጨበት ጠርሙስ ከጓሮው ተገኘ (ባዶ የመርዝ ጠርሙስ ጓሮ መጣል ራሱ ሌላ ጉድ ነው)፣ እሱም ላይ ላምዳ ሳይሃሎትሪን 5%። ስሙና ዋጋው ነው እንጂ የተቀየረው መርዙ ያው ነው።

ሄደን ባለሱቁን ስንጠይቀው ደግሞ «ዘንድሮ ብዙ ሰው ስላልረጨው ተባዩ ረስቶታል፣ አሁን ይሰራል» አለን። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ተባይ የሚረሳው ነገር የለም፣ ርጭቱ ደካሞቹን ይጨርስና መድሃኒት የማይገድላቸው ይቀራሉ፣ እነሱ ይራባሉ። ያ ጥንካሬ ለተባዩ ሸክም ከሆነበት፣ ማለቴ እንቁላሉን ወይ ዕድሜውን ከቀነሰበት፣ ደግሞም ካልተረጨ ቦታ ደካማ ዘመዶቹ መጥተው ከተቀላቀሉት፣ ርጭት ሲቆም ቀስ እያለ ይቀንሳል። ሸክም ካልሆነበት ግን ለዓመታት እዛው ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሸለቆው ሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ አንዱ ላምዳ፣ አንዱ ሳይፐርሜትሪን፣ አንዱ ዴልታሜትሪን ይረጫል፣ ሶስቱም የአንድ ቤተሰብ መርዞች ናቸው፣ የተባዩን ነርቭ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚመቱት፣ ታዲያ ያልተረጨው ዘመድ ከየት ይምጣ? ቢቀንስ እንኳ ጥቂት ጠንካሮች ይተርፋሉ፣ ትሪፕስ በሙቀት ጊዜ በ2 በ3 ሳምንት ትውልድ ስለሚተካ እንደገና ሲረጭ ቶሎ ይሞላሉ።

«አንድ ክዳን መድሃኒት ጨምርበት» የሚላችሁንም አትስሙ፣ ትሪፕስ የሚበሉትን ጥሩ ነፍሳት ጨርሳችሁ ጠንካሮቹን ትተዋላችሁ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሿን ጽሁፍ አንብቡ፣ ማንበብ የማይችል ልጁን ይዞ ይሂድ። የመርዙ ስም በ«ትሪን» ካለቀና ያ የመርዝ ቤተሰብ ማሳችሁ ላይ መስራት ካቆመ የፈለገ ስም ይኑረው ተዉት። ስፒኖሳድ የሚባለው መርዝ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ እሱንም ግን በየሳምንቱ ከደጋገማችሁት ያው ይሆናል፣ ለአንድ ትውልድ አንዱን ለቀጣዩ ሌላ ቤተሰብ፣ ከተቻለም ከአጎራባች ማሳ ጋር ተነጋግራችሁ።

ጎረቤቴ ገንዘቡ አልተመለሰለትም፣ «ከተከፈተ አይመለስም» ብለውታል፣ ደረሰኝም አልሰጡትም ነበር። የጠርሙሱን ፎቶ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።