ብራይተን የሚገኘው ሮያል ፓቪሊዮን፦ ከውጭ ህንድ፣ ከውስጥ ቻይና

የእንግሊዙ ሮያል ፓቪሊዮን የባሕር ዳርቻ ቤተ መንግሥት ይባል እንጂ ከባሕሩ ጥቂት ደቂቃ በእግር ገባ ብሎ ነው ያለው። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሕንፃውን ዞራችሁ እዩት፤ የአትክልት ቦታው በነፃ ነው።

አርክቴክቱ ሄንሪ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1787 ለዌልሱ ልዑል፣ ለኋላው ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ፣ የሠራው ቤት ቁጥብ ያለ ነበር። ከ1815 ጀምሮ የተረከበው ጆን ናሽ ግን አላፈረሰውም፤ በብረት አጥንት ከቦ የህንድ ዓይነት ጉልላትና ሚናሬት አለበሰው። ከመሃለኛው ጉልላት ሥር ያለው ክብ ሳሎን የሆላንድ ቅሪት ነው። ጣጣውም ከዚሁ አለባበስ ይመጣል፦ ናሽ ጣሪያው ላይ የቀባው ማስቲክ የተባለ ማሸጊያ ውሃ መከላከል አቅቶት ብዙም ሳይቆይ ማፍሰስ ጀመረ። ያን ሁሉ ኩርባና መጋጠሚያ ዝናብና ጨዋማ አየር አይምረውም፤ ስለዚህ ጥገና ቢያጋጥማችሁ አይግረማችሁ።

የቻይና ጌጥ የተላበሰው ውስጡ ከውጩ ይበልጥ ያስደንቃል። በረጅሙ ጋለሪ ጫፍና ጫፍ ያሉት ደረጃዎች ቀርከሃ ይመስላሉ፤ ቀልጦ ቅርጽ የወጣለት ብረት ናቸው። በግብር (በግብዣ) አዳራሹ ጣሪያ ላይ አንድ የብር ዘንዶ 9 ሜትር ገደማ ርዝመትና አንድ ቶን ያህል ክብደት ያለው የክሪስታል መብራት በጥፍሩ ይዟል።

ብዙ ሰው በጥድፊያ የሚያልፈው ማእድ ቤቱ ግን የቤቱ ብልህ ክፍል ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች አናት ላይ የመዳብ ዘምባባ ቅጠል ተገጥሞላቸዋል፤ ጌጡ ይህ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ለሥራ የተሠራ ዕቃ ነው፦ ከምድጃው በላይ ጭስ የሚስብ ጥላ፣ በእንፋሎት የሚሞቅ ጠረጴዛ፣ ሙቀት የሚያስወጡ ከፍ ያሉ መስኮቶች። ከግብር አዳራሹ ብዙም ስለማይርቅ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ይደርስ ነበር።

በሙዚቃ አዳራሹ 9 የሎተስ ቅርጽ ያላቸው መብራቶች ተንጠልጥለዋል፤ ጉልላቱን በውስጥ በኩል የለበጡት በወርቅ የተቀቡ የዛጎል ቅርጽ ያላቸው ጌጦች ናቸው። ይሁንና በ1975 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተጎድቶ፣ ታድሶ ሲያበቃ በ1987 አውሎ ነፋስ ከጣሪያው የገነጠለው የድንጋይ ድቡልቡል ሰርስሮ ገባበት። የምታዩት ማጌጫ በብዛት የዘመናችን ባለሙያዎች እጅ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያም በ1850 ሕንፃውን ለከተማው ከመሸጧ በፊት ዕቃውን ወደ ቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት አስወስዳ ነበር፤ ከፊሉ ነው የተመለሰው።

ወደ ላይኛው ፎቅ ሊፍት የለም። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ታች ስለሆኑ ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ብዙ አይቀርበትም።